ታወሩን ቆጠራችሁ፤ የወደቀውን ጥሪስ ማን ይቁጠር?

በዚህ አገር የማይቆጠር ነገር የለም። የተተከለው ችግኝ ይቆጠራል፤ የተመረቀው መንገድ ይቆጠራል፤ የተሸጠው ሲም ካርድ ይቆጠራል፤ የቆመው ታወር ይቆጠራል። ሪፖርቱ ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። አንድ ነገር ግን ተቆጥሮ ለሕዝብ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። እሱም መኪና ላይ ተቀምጠን ስናወራ ከአንዱ ታወር ወደ ሌላው ስንሻገር መሐል መንገድ ላይ የሚወድቀው ጥሪ ነው። «ሄሎ... ሄሎ... ትሰማኛለህ?» ተብሎ የሚቀረው!

ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ነው። «ይሄ የመሐንዲስ ጉዳይ ነው፣ ጋዜጣ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። በጣም ያገባዋል! ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በሰንበቴ፣ በአጣዬ፣ በካራቆሬና በከሚሴ አልፎ ኮምቦልቻ ለሚገባው ሾፌር፣ ፍየሉን ለሰኞ ገበያ ባቲ ለሚያደርሰው ነጋዴ፣ ሪፈር የተጻፈላትን ወላድ ይዞ ከከሚሴ ወደ ደሴ ለሚከንፈው አምቡላንስ የእንጀራም የነፍስም ጉዳይ ነው።

ርክክብ ሲሉት ምን ማለት ነው?

ፈረንጆቹ «ሃንድኦቨር» ይሉታል። እኔ ርክክብ ብየዋለሁ። ርክክብን ደግሞ እኛ እናውቀዋለን። የመጋዘን ኃላፊ ሲለቅ ቁልፉን፣ ሰነዱንና ንብረቱን ለተተኪው ቆጥሮ ያስረክባል፤ ተተኪው ሳይፈርም አሮጌው ከበር አይወጣም። ስልክም እንደዚሁ ነው። መኪናው በሄደ ቁጥር ስልካችን የያዘው ታወር እየራቀ ይደክማል፣ የፊተኛው እየቀረበ ይበረታል። አንድ ቦታ ላይ አሮጌው ለአዲሱ ጥሪውን ማስረከብ አለበት።

እንዴት? በምንነጋገርበት ጊዜ ስልኩ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ የያዘውን ታወርም የጎረቤቶቹንም ጉልበት እየለካ ለኔትዎርኩ ይናገራል። በአሮጌው የ2ጂ ኔትዎርክ ይህ ሪፖርት በየ480 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለት በየግማሽ ሰከንዱ ገደማ ይላካል፤ እስከ ስድስት የሚደርሱ ጎረቤቶችም ይጠቀሱበታል። ኔትዎርኩ ያመዛዝናል። ጎረቤቱ በርትቶ ከተገኘ እዚያ ቦታ ያስይዝና «አሁን ተሻገር» ብሎ ያዛል። ሁሉ ነገር ከሰመረ ተናጋሪው ምንም አያውቅም፤ ቃሉን ሳይጨርስ ታወር ቀይሯል።

ካልሰመረስ? ያኔ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይሆናል። ባለሙያዎቹ ሦስት ዓይነት ጥፋት ይቆጥራሉ። አንደኛው መዘግየት ነው፤ ትእዛዙ ሳይመጣ አሮጌው ታወር ይጠፋል። ሁለተኛው መቸኮል ነው፤ አዲሱ ገና ሳይጠና አሮጌው ይለቀቃል። ሦስተኛው መሳሳት ነው፤ ጥሪው ለማይሆን ታወር ይሰጣል። በዚህ ላይ ደግሞ እንደ ፒንግ ፖንግ ኳስ በሁለት ታወሮች መካከል ወዲያና ወዲህ መመላለስ አለ። በሦስቱም መንገድ ውጤቱ አንድ ነው፤ ደንበኛው ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል።

በነገራችን ላይ እኛ አገር ርክክብ ድሮም አይሆንልንም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሊቀመንበሩ በአውሮፕላን ሄዱ። ቁልፍ ያስረከበም የተረከበም አልነበረም። አሮጌው ሳይለቅ አዲሱን መያዝ የሚባለውን ጥበብ ቤተ መንግሥቱ ካልተማረው ታወሩ ከየት ይማረው? የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ልዩነቱ ግን አለ። የታወሩ መድኃኒት ከታወቀ ቆይቷል።

ሐሳቡ ያረጀ ነው

«ቴክኖሎጂው ገና ነው፣ ቀስ በቀስ ይሻሻላል» የሚለውን ዘፈን አልቀበለውም። አሜሪካ ያለው ቤል ላቦራቶሪ አገሩን በትናንሽ ሴሎች ከፋፍሎ ጥሪን ከሴል ወደ ሴል የማሻገርን ሐሳብ በወረቀት ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። የዚያው ቤት መሐንዲስ አሞስ ጆኤል ጥሪው ሳይቋረጥ እንዴት እንደሚሻገር የሚያሳየውን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በኢትዮጵያ ሞባይል አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ስልኩ እኛ ዘንድ ሲደርስ ርክክብ የሩብ ምዕተ ዓመት ዕድሜ ነበረው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብዙ ተሻሽሏል። የ3ጂ ድምፅ ጥሪ በአንድ ጊዜ ሁለት ታወር መያዝ ይችላል፤ አዲሱን ጨብጦ ሲያበቃ ነው አሮጌውን የሚለቅ። በ4ጂ ታወሮቹ የጎረቤቶቻቸውን ዝርዝር ራሳቸው እንዲያርሙ፣ ስንት ጊዜ እንደዘገዩና ስንት ጊዜ እንደቸኮሉ ራሳቸው እየቆጠሩ እንዲስተካከሉ የሚያደርግ ሥርዓት ከመጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የዓለም አቀፉ ደረጃ አውጪ ኅብረት፣ ስሪ ጂ ፒ ፒ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ባጠናቀቀው ደንብ ደግሞ ትእዛዙ ለስልኩ አስቀድሞ ይሰጠዋል፤ «ይህን ያህል ሲደክምብህ ወደዚያ ተሻገር» ተብሎ ስለተነገረው በመጨረሻዋ ሰከንድ ትእዛዝ አይጠብቅም። ዘዴው ሞልቷል።

ይህ መንገድ ምን አለው?

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ከሸዋ ሮቢት ኮምቦልቻ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ መንገድ በአስተዳደርም በመልክዓ ምድርም ሲገባና ሲወጣ የሚውል መንገድ ነው። ከሰሜን ሸዋ ይነሳና ሰንበቴ ላይ ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ወደ ጅሌ ጥሙጋ ይገባል። አጣዬና ካራቆሬ ላይ ተመልሶ ሰሜን ሸዋ ይሆናል። እንደገና ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ገብቶ ዋና ከተማዋን ከሚሴን ያቋርጣል። ሐርቡ ሲደርስ ደቡብ ወሎ ነው። በሦስት ዞን መካከል ድንበር የሚቆጥረው ሹም እንጂ መንገደኛው አይደለም፤ እሱ የሚፈልገው ወሬው ሳይቋረጥ መግባት ብቻ ነው።

በስተግራ ተራራው ተገትሯል። በስተቀኝ ቆላው እስከ አፋር ይወርዳል። መሐሉ ላይ ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ አለ፤ በበጋ አርብቶ አደሩ ከብቱንና ግመሉን ይዞ የሚሰፍርበት። የሬዲዮ ሞገድ ሜዳ ይወዳል፣ ኮረብታ ይጠላል። አንድ ኩርባ ስትዞር የኋላው ታወር በኮረብታው ተጋርዶ ድንገት ይጠፋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። በ4ጂ ኔትዎርክ «ጎረቤቱ በርትቶ ይህን ያህል ጊዜ ካልቆየ አታሻግር» የሚለው የመጠበቂያ ጊዜ ከዜሮ እስከ 5 ሰከንድ ያህል ድረስ ሊሞላ ይችላል። ለከተማ ተብሎ የተሞላ ቁጥር ለዚህ መንገድ እንዳለ ከተተወ፣ ኔትዎርኩ አምስት ሰከንድ ሲያስብ መኪናው ከ100 ሜትር በላይ ሄዶ ኩርባውን ዞሯል። አለቀ!

ሌላም አለ። ከተማ ውስጥ 4ጂ ይዞ የወጣ ስልክ ገጠር ሲገባ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ መውረድ ሊኖርበት ይችላል። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚደረገው ርክክብ ደግሞ በእኩዮች መካከል ከሚደረገው ይከብዳል። ኔትዎርክም እንደ መንግሥት በቀጠና የተከፋፈለ ነው፤ ጥሪው የቀጠና ወሰን ላይ ሲደርስ ብዙ እጅ ያልፋል። እጅ በበዛ ቁጥር ዕቃ ይወድቃል።

እኔ በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። የያዝኩት ሲም የማን እንደሆነ አልጽፍም፤ የአንድ ቤት አመል ብቻ ነው ብዬም አላምንም። አንድ ጊዜ ካራቆሬን አልፈን ወደ ጨፋ ስንቃረብ አጠገቤ የተቀመጡ የከብት ነጋዴ ሽማግሌ ሰንበቴ ካለ ወዳጃቸው ጋር በኦሮምኛ ይደራደሩ ነበር። ሦስት ጊዜ ደወሉ፤ ሦስት ጊዜ ተቆረጠ። በሦስተኛው ስልኩን ኪሳቸው ከተው ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ ይሄ ኔትዎርክ ደላላ ነው። ዋጋ ሊቆረጥ ሲል ይጠፋል» አሉኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ እሑድ ሰንበቴ ላይ የሚነሳው ከብት ለእሳቸው የዓመት ቀለብ ነው።

ልብ በሉ፤ ያኔ የኔ ስልክ ላይ ሁለትና ሦስት መስመር ይታይ ነበር። ኔትዎርክ የለም ማለት አይቻልም። ታወሩም አለ፤ ሞገዱም አለ። የጠፋው መሻገሪያው ነው። እዚህ ላይ ነው የታወር ቆጠራው ከንቱ የሚሆነው። አሥር ታወር ቢተከልና በጎረቤት ዝርዝር ውስጥ በትክክል ካልተጻፉ ለተጓዥ እንደሌሉ ናቸው። በተለይ የመሐሉ ታወር መብራት ጠፍቶበት ወይም ናፍጣው አልቆበት ሲሞት ጉዱ ይወጣል። ኋላ ያለው ታወር ከመሐለኛው ማዶ ያለውን «ጎረቤቴ ነው» ብሎ አልመዘገበውማ! ስልኩ ሞገዱን እየሰማው እንኳ አይሻገርም። አንዱ ሲሞት ሦስቱ የሚሞቱት በዚህ ነው።

ቀልድ የማይሆንበት ጊዜ

ይህ አካባቢ ምን እንዳየ አንባቢ አይረሳውም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትነድ፣ በዙሪያዋ ያለው አማራውም ኦሮሞውም ሬሳ ሲያነሳ ከርሟል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማገባደጃ ጦርነቱ ኮምቦልቻንና ከሚሴን አጥለቅልቋል። እንዲህ ባለ ቀን መንገድ ላይ ያለ ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «የፊት ለፊቱ መንገድ ሰላም ነው ወይ?» መልሱን የሚያውቀው ቀድሞት ያለፈው ሾፌር ነው። ሾፌሩ «አትምጣ፣ ተመለስ» ሊል አፉን ሲከፍት ጥሪው ቢወድቅስ? ቆሞ የማያሻግር ታወር በዚያ ሰዓት የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም።

ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በተወሰኑ ከተሞች የተመለሰው አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2016 ክረምት ነው። ኮረብታ የጋረደውን ሞገድ መሐንዲስ ያስተካክለዋል። እጅ የዘጋውን ማን ያስተካክለው? በዚያው በ2015 ዓ.ም. ነበር ነዳጅ ያለ ዲጂታል ክፍያ አይቀዳም ተብሎ የታዘዘው። በአንድ እጅ ሕይወታችሁን ሁሉ ስልክ ላይ ጫኑ፣ በሌላ እጅ ስልኩን ዝም በል! ይህን ምን እንበለው?

ሁለት ቤት፣ አንድ ገደል

እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ያለን አንድ ቴሌ ነበር። መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም በይፋ ሥራ ጀመረ፤ ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ። ኢትዮ ቴሌኮም በበኩሉ የ2016 በጀት ዓመትን ሲዘጋ ከ78 ሚሊዮን በላይ ደንበኛና 93.7 ቢሊዮን ብር ገቢ አስመዝግቤያለሁ ብሏል። ደስ ይላል። ገንዘብ የለም እንዳይባል ነው የጠቀስኩት።

ግን ከአንዱ ቤት ታወር ወደ ሌላው ቤት ታወር ጥሪ አይሻገርም። የአንዱ ታወር ሞቶ የሌላው አጠገቡ ቆሞ ቢያበራ ደንበኛው እያየው ያልፋል። ተራራው አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ሕዝቡ አንድ፤ ታወሩ ግን ባላንጣ! በሰላም ጊዜ ንግድ ነው እንበል። በክፉ ቀንስ? ዩክሬን ጦርነት ከገጠማት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2022፣ ሦስቱ ተፎካካሪ ኩባንያዎቿ የአንዱ ኔትዎርክ የጠፋበት ደንበኛ በሌላው እንዲጠቀም በራቸውን ከፍተዋል። ቦምብ እየወረደባቸው ያደረጉትን እኛ በስብሰባ ማድረግ ያቅተናል?

ምን ይላሉ መሰላችሁ?

መልሳቸውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። «መሣሪያ ይዘረፋል፤ ኬብል ይቆረጣል፤ የውጭ ምንዛሪ የለም፤ ተራራው አስቸጋሪ ነው፤ ጸጥታው ባለሙያ አያስገባም።» ሁሉም ውሸት ነው አልልም። ታወር ጥገና ወጥቶ በጥይት መሐል የሚሠራ ቴክኒሺያን አለ፤ ምስጋና ይገባዋል። ግን ከዘረዘሩት ውስጥ ግማሹ ለጎረቤት ዝርዝር ሰበብ አይሆንም። የተሳሳተ ዝርዝር ማረም፣ ለከተማ የተሞላውን የመጠበቂያ ጊዜ ለመንገዱ መለወጥ ዶላርም ሲሚንቶም አይጠይቅም። ቢሮ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር የሚሠራ ሥራ ነው። የሚጠይቀው አንድ መኪና፣ ሁለት የመለኪያ ስልክና ከሸዋ ሮቢት ኮምቦልቻ ደርሶ የሚመለስ አንድ ትጉህ ሰው ነው። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ጠያቂ ነው!

ጠያቂው ማን ነው? በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሌላው አገር ተቆጣጣሪ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ ልስጥ። የሕንድ ተቆጣጣሪ ከመቶ ጥሪ ከሁለት በላይ አይውደቅ ብሎ ልክ አበጀ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ለወደቀ ጥሪ ሁሉ፣ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ፣ ኩባንያው ለደንበኛው አንድ ሩፒ ይክፈል ብሎ ደነገገ። ኩባንያዎቹ ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2016 ድንጋጌውን ሻረው። ተሸነፈ ልትሉ ትችላላችሁ። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ስለ ወደቀ ጥሪ አገር ተከራከረ፣ ዳኛ ተሰየመ፣ ቁጥሩ አደባባይ ወጣ። እኛ ጋ ጥሪው ይወድቃል፣ ካርዱ ይበላል፣ ሰውየው «የፈጣሪ ሥራ» ብሎ ዝም ይላል።

የምንጠይቀው ይህን ነው

አንደኛ፣ ባለሥልጣኑ የጥሪ መውደቅንና የርክክብ መክሸፍን ቁጥር በዋና ዋና መንገዶች ለይቶ በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ያውጣ። የአገር አማካይ አንፈልግም። አማካይ ማለት የቦሌን ደህና ኔትዎርክ ለከሚሴ መንገደኛ በወረቀት ማካፈል ነው። ከሸዋ ሮቢት ሰንበቴ ስንት ወደቀ? ከካራቆሬ ከሚሴ ስንት? ከኮምቦልቻ ባቲስ? ይህን ንገሩን።

ሁለተኛ፣ ሁለቱም ኩባንያዎች መንገዱን በመኪና ይለኩት፤ የጎረቤት ዝርዝራቸውን የመሐሉ ታወር ቢሞትስ ብለው እንደገና ይጻፉት።

ሦስተኛ፣ በመንገዱ ላይ ያሉ ታወሮች መብራት ሲጠፋ ለስንት ሰዓት እንዲቆዩ ግዴታ እንዳለባቸው በግልጽ ይነገር። ባትሪውና ሶላሩ ከሪባን ቆረጣው ይቅደም።

አራተኛ፣ ለአደጋ ጊዜ የአንዱ ደንበኛ በሌላው ታወር የሚጠቀምበት ስምምነት ዛሬ ይፈረም፤ ቤቱ ሲቃጠል ባልዲ አይገዛም።

አምስተኛ፣ ኔትዎርክን በትእዛዝ መዝጋት ይቁም። ካልሆነም የዘጋው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ሕግ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ፈርሞ ያውጣ። የመጋዘን ጠባቂ እንኳ ሳይፈርም ቁልፍ አይዝም።

ለሰንበቴ፣ ለአርጡማ ፉርሲ፣ ለደዋ ጨፋ፣ ለደዌ ሃረዋና ለባቲ ሕዝብም አንድ ቃል አለኝ። «ኔትዎርክ የለም» ብላችሁ ስልካችሁን ኪሳችሁ አትክተቱ። ጥሪው የት እንደወደቀ፣ በስንት ሰዓት እንደወደቀ ጻፉት። ሾፌሩና ረዳቱ ይመዝግቡት፤ ተማሪው በካርታ ያስፍረው። ከዚያ ለኩባንያውም ለባለሥልጣኑም ላኩት፤ ግልባጩን ለጋዜጣ። እነሱ ካልቆጠሩ እኛ እንቆጥራለን።

ታወሩን ቆጥራችሁ ነገራችሁን፤ ሰማን፣ አመሰገንን። አሁን ደግሞ የወደቀውን ቁጠሩና ንገሩን።